የውጭ ኩባንያ ግጭት ያለበት ቦታ ሲገባ፦ ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሀዋሳ ነው የምጽፈው። ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንከራከርበት ነገር አለ። ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ጦርነት ወይም ግጭት ያለበት አገር ሲገቡ ነገሩን ያባብሳሉ ወይስ ሰላም ያመጣሉ? አንዱ ጓደኛዬ ሥራ ካለ ወጣቱ ጠመንጃ አያነሳም ይላል። ሌላው ደግሞ ኩባንያ ትርፉን እንጂ ሰላም ምኑ ነው ይላል። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሠሩትስ? እሱ የሰላም ግንባታ አይባልም?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አጭር ናት፤ መልሱ ግን ረዘም ይላልና ታገሠኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን እነግርሃለሁ።

ሁለቱም ጓደኞችህ የያዙት እውነት አለ። ችግሩ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ኩባንያው ልብ ነው፤ ደግ ነው፣ ክፉ ነው እያሉ። የእኔ ሥራ ኢንቨስትመንትና ግጭት የሚገናኙበትን ቦታ ማጥናት ነው። ከዓመት ዓመት ይበልጥ ያመንኩት ነገር ቢኖር ልቡን ትቶ ገንዘቡን መከተል እንደሚሻል ነው። ለማን ይከፍላል? በሩን ማን ይጠብቃል? መሬቱ የማን ነበር፣ ካሳውንስ ማን ፈረመ? መኪናውንና መንገዱን ሌላ ማን ይጠቀምበታል? ኩባንያ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ «እኔ ሲሚንቶ ነው የማመርተው፣ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» ማለት ይችላል። ግን አለበት። ዘበኛ ሲቀጥር፣ ለኬላ ሲከፍል፣ ከአንዱ ቀበሌ ሰው ወስዶ ከሌላው ሲተው፣ አንዱን ወገን እያጠናከረ ሌላውን እያስከፋ ነው።

ሲሚንቶ ያልኩት በምክንያት ነው። ላፋርጅ የሚባለውን የፈረንሳይ ኩባንያ ሳትሰማ አትቀርም። ሰሜን ሶርያ ውስጥ ጀላቢያ በሚባል ቦታ 680 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ ፋብሪካ ሠራና በ2010 ማምረት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2011፣ አገሪቱ በጦርነት ተናጠች። ሌሎች የውጭ ኩባንያዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። ላፋርጅ ግን በ2012 የውጭ ዜጋ ሠራተኞቹን አስወጥቶ፣ ሶርያውያኑን እዚያው ትቶ ሥራውን ቀጠለ።

እስቲ አስበው። ጥሬ ዕቃና ነዳጅ ወደ ፋብሪካው መግባት አለበት። ሲሚንቶው መውጣት አለበት። ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ማታ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት። መንገዱ ላይ ደግሞ ኬላ አለ፤ ኬላውን የያዘው የታጠቀ ቡድን ነው። ኩባንያው በደላላ በኩል መክፈል ጀመረ። መጀመሪያ መንገድ ለማስከፈት የሚሰጥ ወርኃዊ ገንዘብ ነበር፤ እኛ አገር ኮቴ እንደምንለው ዓይነት። አይሲስ አካባቢውን እየያዘ ሲመጣ ሹፌሩ ኬላ ላይ የሚያሳየው የይለፍ ወረቀት መጣ። በመጨረሻ ክፍያው ከሚሸጠው ሲሚንቶ መጠን ጋር ተያያዘ። እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ፦ ፋብሪካው ብዙ በሸጠ ቁጥር ታጣቂው ብዙ ያገኛል ማለት ነው። ያኔ ኩባንያውና ታጣቂው አንድ ሒሳብ ውስጥ ገብተዋል፤ ማንም ወደደም ጠላም።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንደገለጸው ለአይሲስና አል ኑስራ ለሚባለው ሌላ ታጣቂ ቡድን የደረሰው ገንዘብ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ያ ሁሉ ተከፍሎም ፋብሪካው አልተረፈም። በመስከረም 2014 አይሲስ ራሱ ያዘው። ሶርያውያኑ ሠራተኞች በየራሳቸው ሮጠው ነው ያመለጡት። በጥቅምት 2022 ላፋርጅ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለና 778 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እዚያ ቢሮ የተቀመጡት ሰዎች ጦርነት ተመኝተው ነው ብዬ አላምንም። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱበትን ፋብሪካ ላለማጣት ብለው ነው። ግን በዚያ ገንዘብ የተገደለው ሰው ቤተሰብ ይህ ምኑ ነው?

ይህ የአንድ ኩባንያ ጉድ ብቻ እንዳይመስልህ። የሙዝ ኩባንያው ቺኪታ ኮሎምቢያ ውስጥ ከ1997 እስከ 2004 ለቀኝ አክራሪ ሚሊሻዎች 1.7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሠራተኞቼን ላስጠብቅ ብዬ ነው፣ ተገድጄ ነው ሲል ነው የተከራከረው። በ2007 ጥፋቱን አምኖ 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በ2024 ደግሞ የፍሎሪዳ ዳኞች ለተገደሉ ሰዎች ቤተሰቦች 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ እንዲከፍል ወሰኑበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጓደኛህ ልምጣ፤ ሥራ ካለ ወጣቱ ጠመንጃ አያነሳም ወደሚለው። ይህን አባባል የመንግሥት ባለሥልጣኑም፣ ለጋሹም፣ ኩባንያውም ይወዱታል። ግማሽ እውነት ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ለታጣቂ ቡድን ቀላል ምልመላ እንደሚሆን አልክድም። ግን ቡገንቪልን እየው።

ቡገንቪል የፓፑዋ ኒው ጊኒ አካል የሆነች ደሴት ናት። ፓንጉና በተባለ ተራራማ ቦታ በ1972 ማምረት የጀመረው የመዳብ ማዕድን ማውጫ በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነበር። አብላጫውን ድርሻ የያዘው የዛሬው ሪዮ ቲንቶ ነው። ሥራ ነበር፣ ሥልጠና ነበር፣ ለወጣቶች የትምህርት ዕድል ነበር፤ አዲስ ከተማ ተገንብቷል። በወረቀት ላይ ብታየው ለማኅበረሰቡ አልሠራም የምትለው ኩባንያ አይደለም።

ዝቃጩ ግን የሚደፋው ወንዝ ውስጥ ነው። በማዕድኑ ዕድሜ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ቆሻሻ ወደ ጃባ ወንዝ ገባ። ዓሣው ጠፋ፣ የወንዙ ዳር እርሻ በደለል ተዋጠ። ሥራ ፍለጋ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ሰው ይጎርፋል። በዚያ ላይ በአካባቢው ባህል መሬት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፤ ስለ ሊዝና ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ ግን በአብዛኛው የሚያነጋግሩት ወንዶቹን ነበር። የመሬቱ እውነተኛ ባለቤቶች ጠረጴዛው ላይ የሉም ማለት ነው። ማዕድኑ ካስገኘው ገቢ ለመሬቱ ባለቤቶች የደረሰው ከመቶ ሁለት አይሞላም። ያቺው ትንሽ ገንዘብም ዘመድ ከዘመድ አጣላች። የካሳ ፈንዱ በትልልቆቹ እጅ ነበርና ወጣቶቹ «ገንዘቡ የት ገባ?» እያሉ ተነሡ።

ከተነሡት አንዱ ፍራንሲስ ኦና ነው። ኦና ራሱ የማዕድኑ ሠራተኛ ነበር። አየህ፣ ሥራ ነበረው። በ1988 መጨረሻ እሱና ጓደኞቹ ከኩባንያው ፈንጂ ዘርፈው የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን አፈራረሱ። በግንቦት 1989 ማዕድኑ ተዘጋ። የተከተለው ጦርነት አሥር ዓመት ገደማ ቆየ፤ ሁለት መቶ ሺህ በማይሞላ ሕዝብ መካከል፣ ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት ከ10,000 እስከ 20,000 ሰው አለቀ። ሰላሙን ያመጡት የደሴቲቱ ሴቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና በኒውዚላንድ አስተናጋጅነት የተቀመጡት ተደራዳሪዎች ናቸው። የሰላም ስምምነቱ በ2001 ተፈረመ። በ2019 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ 98 የሚሆነው ነፃነት አለ። ሪዮ ቲንቶ በ2016 ድርሻውን ለቆ ወጣ፤ ማዕድኑ ጥሎት የሄደው ጉዳት እንዲጠና ለመክፈል የተስማማው ገና በ2021 ነው። ማዕድኑ ከተዘጋ ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።

ስለዚህ ለጓደኛህ የምለው፦ ማን ተቀጠረ? ማን ቀረ? የተቀጠረው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ወንዙን ምን ሆኖ ያገኘዋል? ደመወዝ የተበደለ ሰውን ዝም አያሰኝም። አንዳንዴ እንዲያውም ከውስጥ ሆኖ ሁሉን እንዲያይ ያደርገዋል።

ከእኛ አጠገብ ደግሞ ሱዳን አለች። ታሊስማን የሚባል የካናዳ ኩባንያ በ1998 ሱዳን ውስጥ ነዳጅ ከሚያወጣው ጥምር ኩባንያ ሩቡን ድርሻ ገዛ። ሄግሊግ ላይ ለነዳጁ ሥራ የሚያገለግል የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። ሠራተኛ ይመጣበታል፣ መለዋወጫ ይራገፍበታል። የካናዳ መንግሥት ልኮት የነበረው አጣሪ ቡድን በ2000 ባወጣው ሪፖርት፣ የመንግሥት ጦር ሄሊኮፕተሮችና አንቶኖቭ ቦምብ ጣዮች በዚያው ማረፊያ ይጠቀሙ እንደነበር አጋለጠ። በዙሪያው ያሉት የኑዌርና የዲንቃ መንደሮች ናቸው። ኩባንያው ቦምብ አልጣለም። አስፋልቱ ግን የእሱ ሥራ የሚሠራበት ነው። ያው ዓይነት ነገር ኮንጎ ውስጥም ታይቷል። በጥቅምት 2004 የመንግሥት ወታደሮች ኪልዋ የምትባል ከተማ ሲገቡ የተጓዙት አንቪል በሚባል የማዕድን ኩባንያ መኪናዎች ነው፤ ከ70 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ኩባንያው መኪናዎቹ በግዴታ ተወስደውብኝ ነው ብሏል። ሊሆን ይችላል። ግን ግጭት ያለበት አገር ስትገባ ጦሩ አንድ ቀን መጥቶ መኪና አምጣ እንደሚልህ ማወቅ አለብህ፤ ያን ቀን ምን እንደምትመልስ ከመግባትህ በፊት ነው ማሰብ ያለብህ።

ታሊስማን ጩኸቱ ሲበዛበት በ2003 ድርሻውን ለሕንድ የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያ ሸጦ ወጣ። ብዙ ሰው እልል አለ። ነዳጁ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ የሄደው በባለአክሲዮንና በጋዜጠኛ ሊጠየቅ የሚችለው ባለድርሻ ነው። ለዚህ ነው «ውጡ!» የሚለው መፈክር ሁልጊዜ የማይዋጥልኝ። ላፋርጅ መውጣት ነበረበት፤ ምንም አያከራክርም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን ማን ይተካዋል የሚለው ሳይታይ መውጣት ችግሩን ለሌላ ማስረከብ ብቻ ይሆናል።

ወደ አገራችን ስመጣ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ተቃውሞው ሲግል ባሕር ዳር አካባቢ የሆላንዶች የአበባ እርሻ ተቃጠለ፤ ሰበታ የቱርኮች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነደደ፤ ሌሎችም ተጠቁ። እነዚህ ለታጣቂ የሚከፍሉ ኩባንያዎች አልነበሩም። «መሬቱን ከመንግሥት ነው የወሰድኩት፣ የሚጠበቅብኝን ከፍያለሁ» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በብዙ ቦታ ከመሬቱ የተነሳው አርሶ አደር በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት የዓመት ምርቱ አማካይ በአሥር ተባዝቶ በእጁ ተሰጥቶት ነው የተሸኘው። ገንዘቡ አለቀ፤ መሬቱ ግን ዓይኑ እያየ አጥር ታጠረበት፣ ሼድ ቆመበት። ልጁ እዚያው ገብቶ በቀን ሥራ ሲያገለግል አስበው። ያ አርሶ አደር መንግሥት የት ቢሮ እንዳለ ላያውቅ ይችላል፤ አጥሩ ግን ሁልጊዜ ፊቱ ነው። ቂሙ እዚያ ላይ ቢያርፍ ምን ይገርማል? በ2011፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር፣ የወጣው አዋጅ 1161 ማባዣውን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ካሳውን ከማስላት በፊት የሚቀድመው ሰውየውን ማነጋገር ነው። ማቃጠሉን ደግሞ ማንም እንዳያሞካሸው። በማግስቱ ሥራ አጥተው የቀሩት እዚያው ሰፈር ያሉ ልጆች ናቸው።

እሺ፣ ሰላም ያመጣ ኩባንያስ የለም? አለ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጓደኛህ ይስማ።

ደቡብ አፍሪካን ውሰድ። አፓርታይድ ገና በጉልበቱ ሳለ፣ ከ1987 እስከ 1990 ድረስ፣ እንግሊዝ አገር ሜልስ ፓርክ በሚባል የገጠር ቤት ውስጥ በምሥጢር የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ። በአንድ በኩል ለገዢው ክፍል የቀረቡ ነጭ የአፍሪካነር ምሁራን፣ በሌላ በኩል አፓርታይድን ከሚታገለው ድርጅት ከኤኤንሲ ሰዎች ጋር ታቦ ምቤኪ። በአደባባይ ጭራሽ መገናኘት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ወጪውን የሸፈነውና ያገናኛቸው ኮንሶሊዴትድ ጎልድ ፊልድስ የተባለ የብሪታንያ የማዕድን ኩባንያ ነው። ለምን? ወርቁ ያለው እዚያ ነው። አገሪቱ ብትነድ እሱም ይነዳል። ስብሰባውን የመራው የኩባንያው ሰው ማይክል ያንግ ነበር፤ ምን ብላችሁ ተስማሙ ግን አላለም። ቤት ሰጠ፣ ትኬት ቆረጠ፣ አፉን ዘጋ። ከኩባንያ የሚጠበቅ የሰላም ሥራ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ካለ መጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን ነው።

የሞዛምቢኩ ደግሞ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ሎንሮ የሚባለው ኩባንያና አለቃው ታይኒ ሮውላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቤይራ ወደብ ወደ ዚምባብዌ የሚሄደው የነዳጅ ቧንቧ እንዳይመታ ለሬናሞ አማፂዎች በምሥጢር ከፍለዋል። ያው የላፋርጅ ታሪክ ነው። በኋላ ግን ያው ሮውላንድ በዚያ በገነባው ትውውቅ የሬናሞውን መሪ አፎንሶ ድላካማን በራሱ ጄት እያመላለሰ፣ ለድርድሩ ገንዘብ እያወጣ፣ ከፕሬዚዳንት ቺሳኖ ጋር እንዲቀራረቡ ገፋፍቷል። ሸምጋዮቹ የሮም ካቶሊካውያን ማኅበር ሳንት ኤጂድዮና የጣሊያን መንግሥት ነበሩ፤ የሰላም ስምምነቱ በጥቅምት 1992 ሮም ላይ ተፈረመ። የኋለኛው ሥራ የፊተኛውን ኃጢአት ያጥባል ብዬ አላምንም። ግን ሮውላንድ ከሁለቱም ወገን ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ነበርና ያን ለድርድር አዋለው፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሁለቱንም ሳያቸው አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ኩባንያዎቹ ሰላም ያስፈለጋቸው ራሳቸው የሚያጡት ነገር ስላላቸው ነው። እሱ ችግር የለውም። እንዲያውም ከኩባንያ ንጹሕ ፍቅር ከመጠበቅ ጥቅሙ ከሕዝቡ ሰላም ጋር የሚገጥምበትን ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ትምህርት ቤትና ክሊኒኩ ላይ አሁን ልመልስልህ። ትምህርት ቤት መሥራት መልካም ነው፤ የሚማርበት ልጅ ይጠቀማል። የሰላም ግንባታ ለመባል ግን ግጭቱ የተነሳበትን ነገር መንካት አለበት። ሰው የተጣላው በወንዙ ከሆነ ወንዙ ነው መጽዳት ያለበት። በመሬት ከሆነ ካሳው እንደገና ይታይ። በቅጥር ከሆነ የቅጥር መዝገቡ ይከፈት። የጥበቃ ሠራተኛው ሰው ደብድቦ ከሆነ ይጠየቅ። ክሊኒኩ የት ይሠራ ሲባልም አንዱ ቀበሌ አግኝቶ ሌላው ከተዘለለ፣ ወይም አሸዋና ድንጋይ የማቅረቡ ኮንትራት ለአንድ ባለሥልጣን ዘመድ ከተሰጠ፣ ራሱ ክሊኒኩ አዲስ ጠብ ይሆናል። ደግሞ ክሊኒክ ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ ቴሌቪዥን ይመጣል፤ የክፍያ ሰነድ ይፋ ሲወጣ ግን ካሜራ አይመጣም። ለሰላም የቱ ይበልጣል ብትለኝ ያለምንም ማመንታት ሰነዱ እልሃለሁ። ሰው ምን ያህል እንደተከፈለ ሲያውቅ ኩባንያውን ትቶ ገንዘቡን የበላውን መጠየቅ ይችላል። ኢትዮጵያም በ2014 የማዕድን ገቢ ግልጽነት ኢኒሼቲቭ ወደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ክፍያ ይፋ እንዲወጣ ወደሚሠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር የገባችው ለዚሁ ነው።

በነገራችን ላይ ገቢ ማካፈልን በተመለከተ የሱዳን የ2005 የሰላም ስምምነት ጥሩ ትምህርት ነው። ከደቡቡ ነዳጅ ሁለት ከመቶው ለሚወጣበት ግዛት፣ ቀሪው በካርቱምና በጁባ መካከል እኩል ይከፈል ተባለ። ያ ቀመር ጦርነቱን ለማቆም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ግን ቀመሩ አበቃ። በ2012 መጀመሪያ ጁባ በቧንቧ ኪራይ ተጣልታ ምርቱን በሙሉ ዘጋች፤ በዚያው ዓመት መስከረም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈራረሙ ድረስ ሁለቱም አገሮች ተራቡ። እንዲህ ያለውን ቀመር ኩባንያ ሊያወጣው አይችልም፤ መንግሥታት ናቸው። ኩባንያው ማድረግ የሚችለው ስንት በርሜል እንዳወጣና ስንት እንደከፈለ ሳይደብቅ መናገር ነው።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ፈረንሳይ በ2017 ትልልቅ ኩባንያዎቿ ውጭ አገር ባሉ ቅርንጫፎቻቸው ለሚደርስ በደል ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሉንዲን የተባለው የስዊድን ነዳጅ ኩባንያ ሁለት የቀድሞ ኃላፊዎች ከ1999 እስከ 2003 ሱዳን ውስጥ በተፈጸመ የጦር ወንጀል ተባባሪ ናችሁ ተብለው፣ በመስከረም 2023 ስቶክሆልም ላይ ችሎት ቀርበዋል፤ ክሱን ክደዋል። ለእኛ ቀጣና ደግሞ ትልቁ ኔቭሰን የሚባለው የካናዳ የማዕድን ኩባንያ ጉዳይ ነው። ኤርትራ ውስጥ ቢሻ ማዕድን ላይ በግዳጅ ሠርተናል ያሉ ኤርትራውያን ስደተኞች ኩባንያውን ካናዳ ከሰሱት። ኩባንያው ክሱ እዚህ ሊታይ አይችልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2020 ክሱ መቀጠል ይችላል አለ። በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። አገር አልባ የሆነ ስደተኛ ያን ያህል ኩባንያ ፍርድ ቤት አቁሞ ማነጋገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

አካባቢያችሁ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳይ ካለ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ወረቀት ያዙ። የካሳ ደረሰኝ፣ የልኬት ወረቀት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ኮፒው ይቀመጥ። መኪና ወይም ጥበቃ በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታርጋ ቁጥሩን ጻፉ። በር ላይ የተሰቀለው ስም ብዙ ጊዜ የአገር ውስጥ ቅርንጫፉ ነው፤ ዋናው ባለድርሻ ማን እንደሆነና የየት አገር እንደሆነ ከንግድ ምዝገባ አጣሩ። አቤቱታችሁን ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ትችላላችሁ። ዋናው ኩባንያ የሆላንድ፣ የብሪታንያ፣ የፈረንሳይ ወይም የቱርክ ከሆነ ደግሞ እነዚህ አገሮች ያሉበት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት፣ የኦኢሲዲ፣ አባል አገሮች በሙሉ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ የማቋቋም ግዴታ አለባቸው። ለዚያ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፣ ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ ይናገር፣ ማስረጃው ይያያዝበት።

የተለየ ጉዳይ ካላችሁ ዘርዝረህ ጻፍልኝ፤ የትኛው ቢሮ እንደሚሻል አብረን እናያለን።